አምስት ፈረስ

ዝናብ ነው። ብላይናይ ላይ ዝናብ ዜና አይባልም፤
የሚወራው ሲያባራ ነው፤ ዛሬ አላባራም።
ጋራዧ ጠባብ ናት፤ ክዳኗ ስስ ጥቁር ድንጋይ፣
አባቴ ከተራራው ሆድ ፈልጦ ያወጣው፤
አቧራው እሱ ደረት ቀርቶ፣ ድንጋዩ ነው ጣሪያ የወጣው።

መኪናዬ ቀይ ናት፤ ትንሽዬ፣ ባለ ሁለት በር፣
ሦስት ጌታ የለዋወጠች፣ ሆዷ ከመሬት አንድ ስንዝር፤
ጉንጯን ዝገት ነክቶታል፤ ኩራቷን ግን አልነካባት፣
ዳገት ላይ ቫን ሲቀድመን ከእኔ ይልቅ እሷን ነው የሚያማት።

ካርቶኑ ትናንት መጣ። ጎኑ ላይ በቀይ ጽሑፍ
«አምስት የፈረስ ጉልበት ይጨምራል» ይላል።
አባቴ መነጽሩን ፈልጎ፣ አንብቦ፣ ካርቶኑን ነቅንቆ፣
«የታሉ ታዲያ?» አለኝ፣ በቀዳዳው አጮልቆ፤
«ድርቆሽስ ገዝተሻል? ወይስ ነፋስ ይበቃቸዋል?»

እሱ ደፉ ላይ ነው፤ የወተት ጠርሙስ ሳጥን ገልብጦ።
ከአፍንጫው የሚነሳው ቀጭን ቱቦ፣ በጆሮው ዞሮ፣
በወጥ ቤቱ ወለል ተጎትቶ፣ ማሽኑ ጋ ነው የታሰረው፤
ደፉ ጋ ያልቃል። እሱም ጋራዡን
ከዚያው ሆኖ ነው የሚያስተዳድረው።

ኮፈኑን ከፈትኩ።
የድሮው ሳጥን ጥጉን ይዟል፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ዝምተኛ፣
ሦስት ብሎን ታጥቆ በጎማ አንገቱ የተኛ።
ሁለቱ ብሎን እሺ አሉ። ሦስተኛው፣ ወትሮስ ሦስተኛው!
ዘይት ጠጣ፣ ተለመነ፣ በዌልስኛ ተሰደበ፤
ድንገት እጅ ሲሰጥ፣ ቁልፌ ሾልኮ ሆዷ ገባ፤
ቃ... ቃ... ቃ... ከዚያ ዝም።
አስር ቁጥር ነው። ምንጊዜም አስር ቁጥር ነው የሚጠፋ።
በእጅ ባትሪ አየሁ፤ ማግኔት በሽቦ አስሬ ሰደድኩ፤ የለም።
ስንት አስር ቁጥር እንደዋጠ ይሄ ሞተር ማን ያውቃል፤
የታረደች ቀን ከሆዷ የልጅ ልጅ ውርስ ይገኛል።

የድሮው ፊልትሮ ወጣ። ነጭ ነበር አሉ፤ አሁን አመድ።
ሁለት ዝንብ፣ የደረቀ ቅጠል፣ የወፍ ላባ፣ የስንት ዓመት መንገድ።
ለአባቴ ሰጠሁት። ጭኑ ላይ አድርጎ እጥፋቱን
እንደ መጽሐፍ በአውራ ጣቱ አንድ በአንድ ገለጠ፤
መታ መታ ቢያደርገው ትቢያው ሱሪው ላይ ፈሰሰ።
«አየሽ» አለ፣ «የእሷ ይወጣል።»
ከዚያ ሳሉ መጣ። እኔም ካቻቢቴ የምፈልግ መሰልኩ
እስኪያልፍለት ድረስ።

አዲሱ አልሙኒየም ነው፤ ክርኑ ሰማያዊ ጎማ፣
ጫፉ ላይ ሾጣጣ ፊልትሮ፣ ቀይ፣ እንደ ሕፃን ቆብ።
ፋሼታውን ሳጠብቅ፣ «ግማሽ ዙር» አለ፤ «አሁን ሩብ።
በቃ፣ ተይው። ሲታነቅ ይቆረጣል፤ ሲላላ ያፏጫል፤
ሃያ ዓመት በአየር መሰርሰሪያ ነው የሠራሁት፤ ይሰማኛል።»

አስነሳሁ። ዳሽቦርዱ ላይ ብርቱካናማ መብራት።
«ሰካሽው?» አለ ከደፉ።
«ምኑን?»
«እኔ እንጃ። የሆነ ነገር ግን ተንጠልጥሏል።»
የሴንሰሩ ሽቦ ነበር፤ ባዶ አየር ላይ፣ እንደ ጆሮ ጌጥ።
ሰካሁት። ደግሜ አስነሳሁ። ቀስ ብዬ ነዳጅ ሰጠሁ።
በፊት በአፍንጫዋ ነበር የምትተነፍሰው፣ እንደ ሰንበት ምእመን ጸጥ ብላ፤
አሁን በአፏ ሙሉ ሳበች፤ ጋራዡን ትንፋሿ ሞላ።
የጣሪያው ድንጋይ ተንቀጠቀጠ።
አባቴ ጣቱን አነሳ፤ «እንደገና።»
ሰጠሁ።
«እንደገና።»
ዓይኑን ጨፍኗል። ደረቱን አላየሁም፤ ላየው አልፈለግሁም።

ትንሿ ሲሊንደር ለሁለት ሰዓት ትበቃለች።
ጭኑ መሃል አቁሞ፣ ቀበቶውን አስሮ፣ «ወደ ላይ» አለ።
ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ያዝነው፤ ዝናቡ መስታወት እየገረፈ፣
ከኮፈኑ ስር ያ ድምፅ እየሳበ፣ እየሳበ፣
የድንጋዩ ቁልል በመስኮት እያለፈ።
«ስንት ቆጠርሽ?»
«አራት» አልኩ። ዋሸሁ፤ አንድም አልተሰማኝ፤
ድምፅ ነው የገዛሁት፣ በደሞዜ ሩብ።

የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ከሞተሩ ሆድ ተሰማ፤
ቃ... ቃ... ቃ...
አስር ቁጥሬ።
አባቴ አንገቱን አዘንብሎ፣ ቱቦውን ከአገጩ አስተካክሎ፣
«ይኸው» አለ፣
«የአምስተኛው ኮቴ።»